የደመወዝ ሰሞን ገንዘባችን ለሰፈር ሱቅም ይድረስ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ከተከፈተ ወዲህ ስለ ትልልቅ መደብሮች መስፋፋት፣ ስለሚፈጥሩት የሥራ ዕድልና ስለ ዋጋ መረጋጋት ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ የሰፈር ባለሱቅ ከተነሣ በአብዛኛው ዋጋ የሚያንር፣ ሚዛን የሚያጎድል፣ ዘመኑም ያለፈበት ነጋዴ ተደርጎ ነው የሚነሣው። እኔ በሒሳብ ሠራተኛነት ዘመኔን አገልግዬ በጡረታ የተገለልሁ፣ በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የምኖር ሰው ነኝ። የምጽፈውም መንግሥትን ለመውቀስ ወይም ሱፐርማርኬት እንዳይኖር ለመከራከር ሳይሆን፣ እንደ እኔው የወር ገቢ ካላቸው ነዋሪዎች ጋር በግልጽ ለመነጋገር ነው። ደመወዝ በተቀበልን ሰሞን ጥሬ ገንዘባችንን ይዘን ወደ ሩቅ ሱፐርማርኬት እየሄድን፣ ወሩ ተጋምሶ እጃችን ሲያጥር ወደ ሰፈር ሱቅ በዱቤ የምንመለስ ከሆነ ሱቁ መቆም አይችልም። ሱቁ ሲዘጋም የሚጎዳው ባለሱቁ ብቻ ሳይሆን፣ ያቺን የዱቤ ደብተር ተደግፎ ልጆቹን የሚያበላው ጎረቤታችን ነው።

አራብሳ በከተማው ምሥራቃዊ ዳር፣ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፊ የኮንዶሚኒየም መንደር ነው። ቤት በዕጣ የደረሰው፣ ከመሀል ከተማ በልማት ምክንያት ተነሥቶ የመጣውና ኪራይ ይረክስልኛል ብሎ የገባው ተቀላቅሎ ይኖርበታል። መንደሩ ሲታነጽ የንግድ ቤት እንዲኖረው ታስቦ ስለነበር በምድር ወለል ላይ ሱቅ የያዙ ብሎኮች አሉ። ሆኖም በኮንዶሚኒየም ሳይቶች እንደተለመደው የንግድ ቤቶቹ በጨረታ ስለሚሸጡ፣ ጨረታውን ያሸነፈው ሰው ያወጣውን ገንዘብ ለመመለስ ኪራዩን ከፍ አድርጎ ይጠይቃል። ምግብ ነክ ሸቀጥ የሚሸጥ ሰው ከአንድ ዕቃ የሚያገኘው ትርፍ ጥቂት በመሆኑ ይህን ኪራይ ሊችል የሚችለው ብዙ ሲሸጥ ብቻ ነው። በየሳይቱ መጀመሪያ ሸቀጣ ሸቀጥ የነበሩ ቤቶች እያደር ወደ መጠጥ ግሮሰሪና ወደ ውበት ሳሎን ሲለወጡ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ጠጪ በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል፤ ምስርና ዘይት የሚገዛው ግን ብዙውን ጊዜ «ጻፈው» ይላል።

በወር መባቻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሳይታችን መግቢያ ወጥቶ የቆመ ሰው ምን እንደምል ወዲያው ይረዳል። ከመገናኛና ከቦሌ በኩል ከሚመጡት ታክሲዎች የሚወርደው ሰው በሁለት እጁ ፌስታል፣ በብብቱ የፓስታ ካርቶን፣ አንዳንዱም አምስት ሊትር ዘይት ይዞ ነው። በራይድ የሚመጣው ደግሞ እስከ ብሎኩ በር ድረስ ያስጭናል። ይህ ሰው ከደጁ ያለውን ሱቅ ሰላም ብሎ ያልፋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይኸው ሰው ዘይቱ ሲያልቅበት፣ ደመወዙም ሲያልቅበት፣ በዚያው ሱቅ ፍርግርግ ፊት ይቆምና «እስከ ደመወዝ ያዝልኝ» ይላል። ባለሱቁም ይይዝለታል። በዚህ ውስጥ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው የለም። ሰው ባገኘ ጊዜ ሰፊ መደብር ገብቶ መርጦ መግዛት ይወዳል፣ ባጣ ጊዜ ደግሞ የሚያውቀውን ሰው ይጠይቃል። ልማዱ ግን ጥሬ ገንዘቡን በሙሉ ለሩቁ፣ ዱቤውን በሙሉ ለቅርቡ እንዲደርስ አድርጓል። እንዲህ ባለ ክፍፍል ሊኖር የሚችል ሱቅ ደግሞ የለም።

ለምን እንደሌለ በሒሳብ ላስረዳ። ባለሱቁ ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ሩዙን፣ መኮሮኒውንና ሳሙናውን የሚያመጣው ከመርካቶ ነው። ምስርና ሽሮ እህሉን ከእህል በረንዳ፣ በርበሬውን ከበርበሬ ተራ ይገዛል። ሽንኩርትና ድንች ቀድሞ ከፒያሳ አትክልት ተራ ይመጣ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ከዞረና በኋላም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ግን፣ ለእኛ ሰፈር ነጋዴ መንገዱ ከከተማው አንድ ዳር እስከ ሌላው ዳር ሆኗል። ይህን ሁሉ የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ጅምላ ነጋዴ ለትንሽ ቸርቻሪ ዱቤ አይሰጥም፣ ለሚያውቀው ቢሰጥም ለጥቂት ቀናት ነው። ከዚያ ከሌሎች ባለሱቆች ጋር ተዳብሎ አይሱዙ ይከራያል፤ ለጫኝ፣ ለአውራጅም ይከፍላል። ሸቀጡ መደርደሪያው ላይ ሳይወጣ ገንዘቡ ወጥቷል ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ባለሱቅ 100,000 ብር የሚያወጣ ሸቀጥ ይዞ ወሩን ጀመረ እንበል። ከዚህ ውስጥ የ30,000 ብሩ በዱቤ ወጥቶ የ70,000 ብሩ በጥሬ ገንዘብ ቢሸጥ፣ መርካቶ ወርዶ የጎደለውን በአብዛኛው ይተካል፤ ዱቤውም ሲመለስ ኪራዩንና የቤቱን ወጪ ይሸፍናል። የዱቤ ደንበኞቹ ሳይቀንሱ ከጥሬ ገንዘብ ገዥዎቹ ግማሾቹ ፊታቸውን ወደ ሱፐርማርኬት ቢያዞሩ ግን በእጁ የሚገባው 35,000 ብር ብቻ ይሆናል። ኪራዩ በዚያ ልክ አይቀንስለትም፤ አይሱዙውም ጭነቱ አነሰ ብሎ ግማሽ ዋጋ አይቀበለውም። ያልተሸጠው ዱቄት ይነቅዛል፣ ያልተሸጠው ሽንኩርት ይበቅላል። በዚህ ጊዜ ለባለሱቁ የሚቀሩት መንገዶች ሁለት ናቸው። ዋጋ ቢጨምር የቀሩትም የጥሬ ገንዘብ ደንበኞች «ውድ ነው» ብለው ይሸሹታል፤ ዱቤ ቢያቆም ደግሞ በዱቤ የሚኖረው ሰው ጦሙን ያድራል። አብዛኞቹ ሁለቱንም በመጠኑ እያደረጉ ቆይተው በመጨረሻ ቁልፉን ለአከራዩ ያስረክባሉ።

ነገሩን የሚያከብደው ሌላው ጉዳይ የዋጋ ንረት ነው። በመስከረም መጨረሻ በደብተር የተጻፈ ዘይት በጥቅምት መጨረሻ ሲከፈል ባለሱቁ የሚቀበለው የመስከረምን ዋጋ ነው፤ መርካቶ የሚጠብቀው ግን የጥቅምት ዋጋ ነው። በግንቦት 2014 ዓ.ም. የአገራችን ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከ37 በመቶ በላይ ደርሶ እንደነበር ይታወሳል። በዚያን ጊዜ አንድ ወር ሙሉ የቆየ ዱቤ ለባለሱቁ ምን ማለት እንደሆነ ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ሊገምተው ይችላል፤ በወጣው ዕቃ ልክ ዕቃ መልሶ መግዛት አይችልም ነበር። ልዩነቱን የከፈለው እሱ ነው። ወለድ አልጠየቀም፣ ዋስ አላስጠራም፣ ያስፈረመውም ወረቀት የለም። እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ የብድር መዝገብ ይዣለሁ፤ ይህን ያህል ኪሣራ ችሎ ያለ መያዣ የሚያበድር ተቋም አላየሁም። ስለዚህ የሰፈር ሱቅ ዋጋ ከሱፐርማርኬቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ስናገኘው በዚያች ጭማሪ ውስጥ የጎረቤታችን ብድር እንዳለበት ብንረዳ መልካም ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ማግስት ዋጋ ያለ አግባብ ጨምረዋል ወይም ሸቀጥ ደብቀዋል የተባሉ በርካታ ሱቆች መታሸጋቸውም ይታወሳል። ከመካከላቸው ጥፋተኞች እንደነበሩ አልጠራጠርም። ሆኖም ሸቀጥ የሚደብቅ ሰው መጋዘን ሊኖረው ይገባል። አራት ሜትር በአራት ሜትር በሆነች ክፍል ውስጥ ሦስት ካርቶን ዘይት ይዞ የሚሸጥ ሰው ቢደብቅ የሚደብቀው የት ነው? የእሱ ዋጋ ከላይ የመጣውን ዋጋ ይከተላል እንጂ ገበያውን አይመራም።

ዱቤው ለማን እንደሚደርስ ደግሞ በዓይኔ ካየሁት አንዱን ልጥቀስ። አንድ ማታ ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ የነበረች ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ በፍርግርጉ ቀዳዳ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ አቀበለችና «ጋሼ፣ እማዬ የሃምሳ ብር ዘይትና ሩብ ኪሎ ምስር ስጠኝ፣ ደብተር ላይ ጻፈው ብላሃለች» አለች። ባለሱቁ ዘይቱን በማጥለያ እየቀዳ «እናትሽ ዛሬ ሥራ ወጣች?» ሲል ጠየቃት። «አልወጣችም፤ ወገቧን አሟታል» ብላ መለሰች። ምስሩን መዝኖ በላስቲክ ቋጠረላት፤ ደብተሩን ገልጦ ጻፈና «ከባለፈው ጋር ሁለት መቶ ሠላሳ ሆኗል በያት፤ የምትከፍለው ስትድን ነው፣ አትጨነቅ በያት» አላት። ልጅቷ ቁጥሩን እየደጋገመች ወደ ብሎኳ ሄደች። እናትየዋ በየግንባታው የቀን ሥራ የምትሠራ ናት፤ ሥራ በወጣችበት ቀን ታገኛለች፣ በቀረችበት ቀን ምንም የላትም። ሱፐርማርኬት ለዚህች ሴት የሃምሳ ብር ዘይት አይቀዳላትም፤ የሚሸጠው በሊትርና በአምስት ሊትር ታሽጎ ነው። ወገቧን ቢያማት የሚያውቅም፣ የሚጠይቅም አይኖርም። እሷን ለመደገፍ ማኅበር ማቋቋም ወይም መዋጮ ማሰባሰብ አያስፈልግም፤ እኔና መሰሎቼ የራሳችንን ዘይትና ምስር ከዚያው ሱቅ በጥሬ ገንዘብ ብንገዛ ባለሱቁ ለእሷ ማበደር የሚችልበትን አቅም እናቆይለታለን።

«ታዲያ ሱፐርማርኬቱ ርካሽ ከሆነ ለምን እከስራለሁ?» የሚል ሰው መልስ ይገባዋል። ስለ ዋጋ የሚነገረው በሙሉ ሐሰት ነው አልልም። የታሸገ ፓስታ፣ የዱቄት ሳሙና፣ የሕፃናት ወተት፣ የንጽሕና ዕቃ በትልልቅ መደብሮች ብዙውን ጊዜ ቀነስ ብሎ ይገኛል፣ ምርጫውም ሰፊ ነው፤ እነዚህን ከዚያ የሚገዛን ሰው አልወቅስም። ምስር፣ ሽሮ፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ዕንቁላልና ዳቦ ግን ከሰፈር ሱቅ ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው ወይ እኩል ነው ወይ በሱፐርማርኬቱ ይወደዳል። በዚህ ላይ የደርሶ መልስ ታክሲ ይጨመራል፤ ዕቃው ከበዛ ራይድ ይጨመራል፤ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ቅርጫት እየገፋን ስንዞር ሳናስበው የምናነሣውም አለ። ወደ ቤት ተመልሰን ደረሰኙን ከታክሲው ጋር ደምረን ብናየው «ርካሽ» ያልነው ነገር ብዙ ጊዜ ርካሽ ሆኖ አይገኝም። አንባቢ እኔን ማመን የለበትም፤ አንድ ወር ብቻ በወረቀት ላይ ጽፎ ይመልከተው።

ቅርበት ራሱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በ2012 ዓ.ም. አይተናል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ ታዝዞ ታሪፉ እጥፍ በሆነባቸው ወራት ዳር የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው የኖረው በሰፈር ሱቅ ነው። መንገድ በተዘጋ፣ ነዳጅ በጠፋ፣ ዝናብ መንገዱን ባጨቀየ ቁጥር ይኸው ይደገማል። ሱቁን ግን ለክፉ ቀን ብቻ አስቀምጦ ማቆየት አይቻልም፤ በደኅናው ቀን ያልተሸጠበት ሱቅ በክፉው ቀን ተከፍቶ አይገኝም።

መንግሥት በየዘመኑ ለኑሮ ውድነት መፍትሔ ሲፈልግ ይህን ነጋዴ አልፎ መሄድን እንደ ዘዴ ሲጠቀምበት ቆይቷል ብዬ አምናለሁ። በደርግ ዘመን የቀበሌ ሱቅ ነበረ፤ ስኳርና ሳሙና በራሽን ለመቀበል የተሰለፍነው ሰዎች አሁንም በሕይወት አለን። ከዚያ ወዲህ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጡ፤ ዘይትና ስኳር ያከፋፍላሉ፤ ብዙ ቤተሰብንም ጠቅመዋል። ነገር ግን ሱቆቻቸው በመሥሪያ ቤት ሰዓት ይከፈታሉ፣ በመሥሪያ ቤት ሰዓት ይዘጋሉ፤ ዘይቱ የገባ ዕለት ይጨናነቃሉ፣ በሌላው ቀን መደርደሪያቸው ባዶ ነው። የእሁድ ገበያ ሲጀመር ደስ ብሎን ነበር፤ አሁንም ለአትክልትና ለጥራጥሬ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም በሳምንቱ መጨረሻ የሚቆም ገበያ በገዛ ገንዘቡ የሚገዛን ሰው እንጂ ማክሰኞ ማታ ያጣን ሰው አያገለግልም። የመንግሥት የጅምላ መደብር የነበረው «አለ በጅምላ» ሲቋቋም ለሰፈር ቸርቻሪ በተመጣጣኝ ዋጋ ያቀርባል የሚል ተስፋ ነበረን፤ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ተጠቃለለ። ሐሳቡ ትክክለኛ ነበር ብዬ አሁንም እሟገታለሁ፤ ቸርቻሪውን ከመጋፋት ይልቅ የሚገዛበትን ዋጋ ማውረድ ነውና።

የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 የውጭ ባለሀብቶች በገቢና በወጪ ንግድ፣ በጅምላና በችርቻሮ እንዲሠሩ ሲፈቅድ በየደረጃው ቅድመ ሁኔታዎችን አስቀምጧል። ትልቅ ካፒታልና የተደራጀ መጋዘን ያለው ኩባንያ ገብቶ ጅምላውን ቢያስተካክል፣ ለሰፈር ሱቅም ቢያከፋፍል ሁላችንም እንጠቀማለን። ገብቶ የሚሻማው የመሀል ከተማውንና የመኪና ባለቤቱን ኪስ ብቻ ከሆነ ግን ቀድሞም ዳር የቀረው ሰው ይብስ ዳር ይቀራል። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ፈቃድ ሲሰጡ «ለአነስተኛ ቸርቻሪዎች በምን ዋጋና በምን አቅርቦት ታከፋፍላላችሁ?» ብለው እንዲጠይቁ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ባለሱቆቻችን ነቀፋ የለባቸውም ማለት ግን አይደለም፤ እውነቱን ሸሽጌ ልደግፋቸው አልፈልግም። የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈ ብስኩትና ጁስ በመደርደሪያ ጀርባ የሚገኝበት ሱቅ አለ። ባዕድ ነገር የገባበት በርበሬ የሚሸጥ አለ። ሚዛኑን ከገዥው ዓይን ሰውሮ የሚያስቀምጥ አለ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የሸቀጥ ዋጋ ለገዥ በሚታይ ሁኔታ መለጠፍ አለበት፤ በሰፈራችን ይህን የሚያደርገው ጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ለአንዱ አንድ ዋጋ፣ ለሌላው ሌላ ዋጋ ይነገራል የሚል ቅሬታ አለ፤ ቅሬታውም መሠረት አለው። ሱፐርማርኬት ሰውን የሚስበው ዋጋው ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ማንም «አይተህ ካልገዛህ ተወው» ስለማይለው ጭምር ነው። ባለሱቅ ሆይ፣ ደንበኛህን ማስቀረት ከፈለግህ ዋጋህን ለጥፍ፣ ሚዛንህን ወደ ውጭ አዙር፣ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ አስወግድ፤ በቴሌብር መክፈል ለሚፈልግም ቁጥርህን በወረቀት ጽፈህ አስቀምጥ፣ በመልስ ማጣት የሚመለሰው ደንበኛ ይቀንስልሃል። ለዚህ ሁሉ የሚጠየቀው ወጪ ከአንድ ካርቶን ሳሙና ትርፍ አይበልጥም።

ስለ ቆርቆሮና ስለ ኮንቴነር ሱቆችም አንድ ቃል ልጨምር። ከተማችን ስትታደስ መንገድ ዳር የነበሩ ብዙ ትንንሽ ሱቆች ተነሥተዋል። ከተማ መዋብ የለባትም የሚል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ሱቁ ሲነሣ ባለሱቁ ምትክ ቦታ ቢያገኝ እንኳን ደንበኞቹ ከሌሉበት ርቆ ከሆነ ደብተሩ በእጁ ላይ ዋጋ ያጣል፤ የተጻፈባቸው ሰዎች የት እንደገቡ አያውቅምና። እነዚያም ሰዎች አዲሱ ሰፈር ሲደርሱ የሚያውቃቸው ባለሱቅ የላቸውም፤ ማንም «ያዝልኝ» ቢሉት አይሰማቸውም። ከቦታ ወደ ቦታ የተዛወሩ ጎረቤቶቼ ስለ ትራንስፖርትና ስለ ትምህርት ቤት ከሚያነሡት እኩል የሚያነሡት ይህንኑ ነው። ነዋሪ በቡድን ሲዛወር የሰፈሩ ባለሱቅም ከነዋሪው ጋር በአዲሱ ሳይት የምድር ወለል ቤት በመጠነኛ ኪራይ የሚያገኝበት አሠራር ቢኖር ለመንግሥት ትልቅ ወጪ አይሆንም። ከንግድ ቤቶቹ ጥቂቱ በከፍተኛ ዋጋ በሚደረግ ጨረታ ከመሸጥ ይልቅ መሠረታዊ ምግብ ለሚሸጡ ብቻ በኪራይ ቢያዙ ደግሞ ለአሁኖቹ ሳይቶችም ይበጃል።

ከነዋሪው የምጠይቀው ግን ከመንግሥት ከምጠይቀው ይቀድማል፤ ምክንያቱም ማንንም ሳንጠብቅ በሚቀጥለው ደመወዝ ልናደርገው እንችላለን። የወሩን ዘይት፣ ስኳር፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ሩዝ፣ ሽንኩርትና ሳሙና ደመወዝ በገባ ሰሞን ከሰፈራችን ሱቅ በጥሬ ገንዘብ እንግዛ። ሱቁ የማይዘው ዕቃ ካለ ወደ ሩቅ ከመሄዳችን በፊት ለባለሱቁ እንንገረው፤ ሦስትና አራት ሰው አንድ ዓይነት ነገር ከጠየቀው መርካቶ በሚወርድበት ቀን ያመጣዋል። ዱቤ ያለብን ሰዎች ደመወዝ በገባ ዕለት፣ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሳይዞር፣ አስቀድመን እንክፈል፤ ዘግይቶ የተከፈለ ዱቤ ለባለሱቁ የወጣውን ዕቃ መልሶ እንደማይገዛለት ከላይ አሳይቻለሁ። መኪና ያለን ሰዎች ደግሞ ሱፐርማርኬት መሄዱ ስለሚቀለን ይህ ነገር ይበልጥ እኛን ይመለከተናል፤ በሱቁ ሒሳብ ላይ የእኛ አንድ የደመወዝ ሰሞን ግዢ የአሥር ሰዎችን ዱቤ ሊሸከም ይችላል።

በእኛ ብሎኮች የተጀመረ አንድ ነገር አለ። የተወሰንን ቤተሰቦች በዕድር ስብሰባችን ላይ ተነጋግረን የወር አስቤዛችንን ዝርዝር ከደመወዝ በፊት ለባለሱቁ እንሰጠዋለን፤ እሱም የሁላችንን ደምሮ በአንድ ጊዜ ስለሚገዛ ከጅምላ ነጋዴው የተሻለ ዋጋ ያገኛል፤ ከቅናሹ ከፊሉን ለእኛ ይተውልናል። በምላሹ ዋጋውን በወረቀት ጽፎ በር ላይ ለመለጠፍ ተስማምቷል፤ ለጥፏልም። ያልተሳካም አለ፤ ሽንኩርት በዚህ መንገድ ሞክረን ስለተበላሸ ትተነዋል፤ ዝርዝሩን አዘግይተው የሚያመጡ ቤተሰቦችም ሥራውን ያስቸግራሉ። በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶ፣ በጀሞ፣ በቱሉ ዲምቱና በሌሎችም ሳይቶች ያላችሁ ነዋሪዎች ተመሳሳይ ነገር ሞክራችሁ እንደሆነ፣ በተለይም አትክልቱን ሳይበላሽ በጋራ ለማስመጣት ያገኛችሁት ዘዴ ካለ፣ በዚሁ ዓምድ ብትጽፉልን እኛም ባለሱቃችንም እንማርበታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ
ከቦሌ አራብሳ